ድምፅ የሌለው ካሴት

«ድምፅ! ድምፅ! ኧረ ድምፅ ልቀቅ!»

ተመልካቹ ሲጮህብኝ የቪዲዮ ዴኩን በመዳፌ መታሁት፣ ገመዱን ነቅዬ መልሼ ሰካሁት። ምንም የለም። በጥቁርና ነጭ ምስሉ ውስጥ ሰዎች አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ፤ ማዕበል መርከብ ያላጋል፤ ጭጭ። ሆላንድ ኖሮ የተመለሰ ሰው ከሸጠልን ካሴቶች አንዱ ነው። ፊልሙ ድሮ ሲሠራም ድምፅ እንዳልነበረው የገባኝ፣ ተመልካቹ እየተሳደበ ወጥቶ ካለቀ በኋላ ነው።

እንጀራዬ ትርጉም ነው። አውቶቡስ ተራ ጀርባ ባለችው ቪዲዮ ቤታችን ህንዱም ቻይናውም የሚናገረው በእኔ አፍ ነው። ህንድኛ አልችልም፤ ቻይንኛም እንደዚያው። ከራሴ እየፈጠርኩ እቀደዳለሁ፣ ሰው ስቆ ይሄዳል። ቤቴ ስገባ ግን «እንዴት ዋልክ» የሚለኝ እንኳ የለም።

ላጠፋው ስል ከኋላ አግዳሚው ላይ አንዲት ሴት አየሁ። እትዬ ማሂራ ናቸው፣ ጭድ ተራ ጆንያ የሚሸጡት። እሳቸውና ፊልም ምን አገናኛቸው! ልጃቸው ሙናዊር በሶማሊያ ቦሳሶ በኩል በጀልባ ወደ የመን ከተነሳ ሦስት ዓመት አልፎታል። ጀልባዋ ሰጠመች ተባለ፤ ሬሳው አልተገኘም። ወንድሞቻቸው «ይበቃል፣ ነገ ለቅሶ እንቀመጥ» ብለው ቆርጠዋል። እንቢ ያሉት እሳቸው ብቻ ናቸው።

«የመርከብ ነው ሲሉ ሰምቼ ነው የገባሁት» አሉኝ። «በል ተርጉምልኝ። ሴትዮዋ ምን አለች?»

አንዲት አሮጊት ባሕር ዳር ቆማ የአንድ ወጣት ኮሌታ ይዛለች።

«እናቱ ናት። ‹ቶሎ ና› አለችው።»

«እሱስ?»

«‹ሳይመሽ እመለሳለሁ።›»

ፈገግ አሉ። ወዲያው ማዕበሉ መጣ፣ መርከቧ ለሁለት ተሰነጠቀች። መሀል ላይ የፈረንጅ ጽሑፍ ብቅ አለ።

«ምን ይላል?»

እኔ ምን አውቄ! እሳቸው ግን ዓይናቸውን ከአፌ ላይ አልነቀሉም። «ሌላ መርከብ ደርሶ ሁሉንም አወጣቸው ይላል፣ እትዬ» አልኩ። ስቀደድ ስኖር ያፈርኩት ያን ቀን ነው።

ፊልሙም አልተባበረኝም። አሮጊቷ ብቻዋን ቤቷ ገባች። ሁለት ሳህን አቀረበች፤ ትንሽ ቆይታ አንዱን አነሳችው። ከዚያ ጥቁር ሻርፕ ተከናነበች።

ሌላ ነገር ልፈጥር አፌን ከፈትኩ።

«ተወው» አሉ እትዬ ማሂራ ቀስ ብለው። «ይሄ አስተርጓሚ አይፈልግም።» «እስቲ ወደ ኋላ መልሰው።»

ምስሉ እየታየ አጠነጠንኩት። ሻርፑ ከራሷ ወረደ። ባሕሩ ሰዎቹን ተፋ፣ መርከቧ ተገጣጠመች፣ ልጁ የኋሊት እየተራመደ መጥቶ እናቱ እጅ ውስጥ ገባ።

«እዚህ ጋ አቁምልኝ።»

አቆምኩት።

«ወንድሞቼ ነገ የለቅሶውን ድንኳን ይትከሉ» አሉ፣ ዓይናቸውን ከልጁ ሳይነቅሉ። «አንተም ትመጣለህ። ሙናዊርን ታውቀዋለህ፣ የፊት አግዳሚው የእሱ ነበር።»

«እመጣለሁ፣ እትዬ።»

«እስከ መግሪብ ሶላት ግን አታንቀሳቅሰው።»

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ዴኩ አሮጌ ነው፤ ትንሽ ቆሞ በራሱ ይለቃል። በለቀቀ ቁጥር እየተነሳሁ፣ ልጁ ሊሄድ እግሩን ሲያነሳ፣ መልሼ እናቱ እጅ ውስጥ አስገባዋለሁ።