ነፋስ በሌለበት ቀን

ዶክቶር ናዒም ጡረታ የወጡ የፊዚክስ መምህር ናቸው። ቤይሩት፣ ዛልቃ ሰፈር ውስጥ፣ ከአውራ ጎዳናው ዳር ባለ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። በረንዳቸው ላይ የነሐስ ቴሌስኮፕ አለ። ሰው በቴሌስኮፕ ሰማይ ያያል፤ እሳቸው ግን ከመንገዱ ማዶ ያሉትን ቤቶች ያያሉ። ያውም በጠራራ ፀሐይ።

ቀፀላን ያሳሰባት ይኸው ነው። ቀፀላ ናባዓ በሚባል ሰፈር ከጓደኛዋ ከእሙሽ ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ፣ እየተመላለሰች የዶክቶሩን ቤት ታጸዳለች። ከቀድሞ አሠሪዋ ቤት ጠፍታ ስለወጣች ወረቀት የላትም። ፖሊስ ከያዛት አበቃላት።

«ሽማግሌው ሴት ነው የሚያየው» አለች እሙሽ፣ ነገሩን ስትሰማ። «በቀትር በረንዳ ላይ ልብስ የሚያሰጣው ማን ሆነና? ኸላስ፣ በቃ፣ ሌላ ቤት ፈልጊ።»

«አልችልም። ማክዳን የሚያገኝልኝ እሱ ነው።»

ማክዳ ታናሽ እህቷ ናት። ነይ ነይ ብላ ቤይሩት ያስመጣቻት ራሷ ቀፀላ ናት። የመጀመሪያዎቹ አሠሪዎች ደህና ነበሩ፣ እሁድ እሁድ ያስወጧት ነበር። አንድ እሁድ እህትማማቾቹ ጠሪቅ ኤል ጅዲዴ ገበያ ወርደው ቢጫ ጨርቅ ገዙና ለሁለት ቆርጠው ለየራሳቸው ሻሽ አደረጉት። ብዙም ሳይቆይ ማዳሟ ማክዳን ለዘመዷ አሳልፋ ሰጠቻት። ለየትኛዋ ዘመድ? የት? ቀፀላ በራቸው ላይ ቆማ ብታለቅስም የነገራት የለም።

ማክዳ የደወለችው አንዴ ብቻ ነው፣ ናባዓ ባለው ባለሱቅ ስልክ።

«እህቴ፣ ቆልፈውብኝ ነው የሚሄዱት» አለች በሹክሹክታ። «አባዡሩ፣ የመስኮቱ መዝጊያ እንኳ አይነሳም፤ በክፍተቱ እጄ ብቻ ነው የሚያልፈው።»

«የት ነሽ? ምን ይሰማሻል?»

«መኪና… ብዙ መኪና…» ስልኩ ተዘጋ።

ቤይሩት ውስጥ መኪና የማይሰማበት ቤት ካለ ይንገሩን።

ዶክቶር ናዒም መንግሥት መሥሪያ ቤት የሚሠራ የወንድም ልጅ አላቸው። የማክዳን አሠሪ በሱ በኩል አስፈልግልሻለሁ ብለዋታል። በጠየቀቻቸው ቁጥር «ቡክራ» ይላሉ፣ ነገ ማለታቸው ነው። ነገ ግን አልደርስ አለ።

ቀፀላም ይህችን ነገ ብላ ሁሉን ትችላለች። ወለሉን ታጥባለች፣ ቴሌስኮፑን በሎሚና በጨው ትወለውላለች። ለይስሙላ መሥራት አታውቅበትም፤ ነሐሱ ፀሐይ ሲያርፍበት ከማዶ ያለ ሰው ዓይን እስኪወጋ ያበራል። መስተዋቱንም ትጠርጋለች። በሱ ማየት ግን ኃጢአት ነው። ፓስተር ጸጋአብ በኪራይ አዳራሻቸው ውስጥ ስለ ዓይን ኃጢአት የሰበኩት ከልቧ አልወጣም። ወደ ማዶ በባዶ ዓይኗ እንኳ አታማትርም።

ዶክቶሩ በረንዳው ላይ ትንሽ የነፋስ መለኪያ ተክለዋል። ነፋስ ካለ ፊታቸው ይጠቁራል። ቅጠል የማይነቃነቅበት ቀን ሲሆን ግን እንደ ልጅ ይፈነድቃሉ።

«ያላ ቀፀላ፣ ወንበሬን አምጪ! ዛሬ ጭፈራ አለ!»

ጭፈራ! እሳቸው ቴሌስኮፑ ላይ አጎንብሰው «ብራቮ፣ ብራቮ!» ሲሉ ቀፀላ ኩሽና ገብታ ታለቅሳለች። መታየቷን ለማታውቀው ለዚያች ሴት ታፍርላታለች። የእህቷን ነገር ብላ የሌላዋን ውርደት በዝምታ ማለፏ ይጸጽታታል።

አንድ ቀን ግን ትዕግሥቷ አለቀ።

«ዶክቶር፣ ያኒ፣ ነውር እኮ ነው። እሷም ሰው ናት።»

«ማን?» አሉ ዶክቶሩ፣ ግራ የተጋቡ መስለው። ከዚያ መነጽራቸውን ጠረጉ። «አይዞሽ ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ ስለ እህትሽ ቡክራ እደውላለሁ።»

የሽማግሌው ማስመሰል ይበልጥ አናደዳት።

በዚያው ሳምንት አጋማሽ ነገሩ ተለወጠ። ነፋስ በሌለበት ቀንም «ብራቮ» ቀረ። ዶክቶሩ አጎንብሰው አይተው አይተው ወንበራቸውን ይዘው ይገባሉ። ቀፀላ ደስ አላት። ሴትዮዋ ነቅታበት መጋረጃዋን ዘግታለች አለች በልቧ። እሁድ አዳራሹ ውስጥ ተንበርክካ ስለ ማክዳ ከለመነች በኋላ፣ ስለዚያች ሴት መትረፍ አመሰገነች።

በዚያው እሁድ ዶክቶሩ የቀድሞ ተማሪያቸውን ጋብዘው ነበርና ከጸሎት መልስ እንድትመጣ ለምነዋታል። ሰዓት ስለረፈደባት የቤተክርስቲያን ልብሷን ሳትቀይር የሎሚ ጭማቂውን በትሪ ይዛ በረንዳ ወጣች።

«በጋውን ሙሉ ያጠናሁት ይህን ነው» ይላሉ ዶክቶሩ ለእንግዳቸው። «አስፋልቱ አየሩን ያግለዋል፣ የጋለው አየር ብርሃኑን ያጎብጠዋል። ማዶ አንድ ጨርቅ ተንጠልጥሏል። ነፋስ የለም። በቴሌስኮፕ ስታየው ግን ይነሳል፣ ይወርዳል፣ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል። የብርሃን ጭፈራ ነው! እንዲህ ያለ ታይቶ አይታወቅም።»

ቀፀላ ጆሮዋን ማመን አቃታት። ጨርቅ! ለካ ሽማግሌው ኖሮ ኖሮ ጨርቅ ነው የሚያዩት። በሐሜቷ አፈረች፤ ሳቋም መጣ። ከብዙ ጊዜ በኋላ የመጣ ሳቅ ነበር።

እንግዳው ቴሌስኮፑ ላይ አጎነበሰ።

«ማዶ ብዙ ልብስ ተሰጥቷል፣ ዶክቶር። ግን የሚንቀሳቀስ የለም።»

«ከሐሙስ ጀምሮ ቆሟል» አሉ ዶክቶሩ በሐዘን። «ሙቀቱ ያው፣ አየሩ ያው። ምን እንደነካው አልገባኝም።»

«የትኛው ነው እሱ?»

ዶክቶሩ ብርጭቆ ሊያነሱ ዞር ሲሉ ቀፀላን አዩና ጣታቸውን ወደ ጭንቅላቷ ቀሰሩ።

«ከተዘጋው አባዡር ክፍተት የተንጠለጠለው፤ ልክ እንደዚህች ልጅ ሻሽ ቢጫ ነው።»