አዳማ ባቡር ጣቢያ ላይ የተቋጠረው ነጠላ

ዲንቄን የበደላት ባዕድ አይደለም... የባሏ ታላቅ ወንድም ፈዬራ ነው።

የሟች ወንድሙን ልጅ የትምህርት ዕድል ወስዶ ለራሱ ልጅ ሊሰጥ ነበር።

እንዴት አትሉኝም?

ጊዜው መስከረም 1924 ዓ.ም. ነው።

የዲንቄ ባል ባጫ ወታደር ነበር። ሰሜን ዘመተ... አልተመለሰም።

የቀራት አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ ደራርቱ... እና ባጫ ከጦር ሰፈር የላካቸው ሦስት ደብዳቤዎች።

በቤተሰቡ ፊደል የቆጠረ ፈዬራ ብቻ ነው። እሁድ እሁድ ደብዳቤዎቹን ይዛ ትሄዳለች። አጠገቡ ቁጭ ትላለች። እሱ መስመሩን በጣቱ እየተከተለ ያነብላታል።

"ዛሬም? እስካሁን በቃልሽ አልያዝሽውም?"

"ይዤዋለሁ ኦቦ ፈዬራ። ግን ያንብቡልኝ።"

"ባጫስ ሞቶ ዐረፈ... ያላሳረፍሽው እኔን ነው።"

እያጉረመረመ ያነባል። ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ እንዲህ ነበር።

አንድ ቀን የባጫ አለቃ ከነበሩት ፊታውራሪ ማኅተም ያለበት ወረቀት መጣ።

መልእክተኛው ለማን ይስጥ? ለወንዱ ሰጠው እንጂ።

"ምን ይላል?" አለች ዲንቄ።

"ስለ ባጫ አዝነናል፣ እግዜር ያጽናሽ ይላል።"

በቃ።

የፈዬራ ጣት አምስት መስመር ወርዷል... አፉ የተናገረው ግን የአንድ መስመር ነው።

"እኔ ጋ ይቀመጥ?"

"ምን ያደርግልሻል? በርበሬ ልትጠቀልይበት ነው?"

ብብቱ ውስጥ ከተተው። ዲንቄ ዝም አለች።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ጎረቤቷ ዘሃራ እያለከለከች ገባች።

"አንቺ እዚህ ተቀምጠሻል... ፈዬራ ልጁን መርጋን ይዞ ባቡር ጣቢያ ወርዷል። ሚስቱ ገበያ መሀል ስታወራ ሰማኋት። የሟች ወታደር ልጅ አዲስ አበባ አዳሪ ትምህርት ቤት በነፃ ይማር የሚል ወረቀት አለ አሉ። በዛሬው ባቡር ያልሄደ ቦታው ለሌላ ይሰጥበታል።"

"መርጋ የማን ልጅ ሆኖ ነው የሚገባው?"

"'አባትህ ማነው ሲሉህ ባጫ በል' ብለውታል።"

ዲንቄ የደራርቱን እጅ ይዛ ወጣች። በሩን እንኳ አልዘጋችውም።

ሲደርሱ ባቡሩ እየጨሰ ቆሟል።

መርጋ ተሳፍሯል። ፈዬራ አንድ እግሩን መወጣጫው ላይ አድርጓል።

አልጮኸችም። አልተሳደበችም።

የነጠላዋን ጫፍ ከጋቢው ጫፍ ጋር ጥብቅ አድርጋ ቋጠረችው።

"በንጉሥ አምላክ ይዤዎታለሁ። የሚፈታን ዳኛ ነው።"

ያኔ ደንቡ እንዲህ ነበር። ከሳሽ ልብሱን ከተከሳሹ ልብስ ጋር ከቋጠረ፣ ዳኛ ሳይሰማቸው ማንም አይፈታቸውም። ዳኛ ከሌለም መንገደኛ ሽማግሌ ይዳኛል።

"ፍቺው አንቺ ሴትዮ። ባቡሩ ሊሄድ ነው" አለ ፈዬራ።

"እኔንም ያስቸኮለኝ እሱ ነው።"

አባ ወዬሳ የሚባሉ ሽማግሌ ወደ ሞጆ ሊሳፈሩ ቆመው ነበር። ሰዉ እርስዎ ይዳኙ አላቸው። በትራቸውን መሬት ላይ ተክለው ቆሙ።

"ወረቀቱ የልጄ ነው" አለች ዲንቄ። "አባቷ የሞተበት ነው።"

ፈዬራ ሳቀ። ወረቀቱን አውጥቶ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ።

"'ከወታደር ባጫ ወገን አንድ ወንድ ልጅ ይማር።' ይኸው። የኔ ልጅ ወገኑ አይደለም?"

አባ ወዬሳ ወደ ዲንቄ ዞሩ።

"ልጄ፣ እኔ ፊደል አላውቅም። እሱ ያነበበውን የሚያፈርስ ምን አለሽ?"

ባቡሩ አንዴ ጮኸ።

"ወረቀቱን ይስጡኝ" አለችው።

ፈዬራ ሰዉን በዓይኑ እየጠቀሰ ሰጣት።

"እንኪ... ብቻ እንዳትዘቀዝቂው።"

ሰዉ ሳቀ። ደራርቱ የእናቷን ቀሚስ ጨበጠች።

ዲንቄ ጣቷን የመጀመሪያው መስመር ላይ አሳረፈች።

"ወ...ታ...ደር ባጫ... በጦር ሜዳ... ስለ ወደቀ..."

ሳቁ ቆመ።

"...ከአብራኩ የተወለደ አንድ ልጅ... ወንድም ቢሆን... ሴትም ብትሆን... በእኛ ወጪ ይማር። ከአሳዳጊው ጋር... በባቡር ይምጣ... መሳፈሪያውን እኛ እንችላለን።"

እንደ ሕፃን እየተንተባተበች ነው ያነበበችው። ግን አንድም ቃል አልዘለለችም።

እዚያ ከቆመው ሰው መሀል ሌላ የሚያነብ የለም። ፈዬራ "ውሸቷን ነው" ቢል ነገሩ የእሱ ቃል በእሷ ቃል ላይ ይሆን ነበር... ማን ሊያምናት?

እሱ ግን አፉን ከፍቶ ምን አለ መሰላችሁ?

"ማን አስተማረሽ?"

አባ ወዬሳ በትራቸውን ነቀሉ።

"ሰማችሁ? ዋሸች አላለም። ማን አስተማረሽ ነው ያለው። በራሱ ላይ እሱው ፈረደ።"

ቋጠሮውን በገዛ እጃቸው ፈቱት።

መርጋ አንገቱን ደፍቶ ወረደ። ዲንቄና ደራርቱ ወጡ።

ባቡሩ ሁለተኛ ጮኸ።

ወገኖቼ... ያልተማረ ሰው አያይም ያለው ማነው? ዛሬም "አንቺ አይገባሽም፣ ፎርሙን እኔ ልሙላልሽ" እያለ የሰው ዕድል በብብቱ የሚከት ፈዬራ ሞልቷል። ዝም ያለችውን ሴት አትናቁ... ዝም ያለችው እያየች ሊሆን ይችላል።

እናንተ በዲንቄ ቦታ ብትሆኑ "ማን አስተማረሽ?" ለሚለው ምን ትመልሱለት ነበር? ኮመንት ላይ ጻፉልኝ።

እሷ ግን ባቡሩ ሲንቀሳቀስ አንገቷን በመስኮት አውጥታ እንዲህ አለችው...

"እርስዎ ነዎት ያስተማሩኝ፣ ኦቦ ፈዬራ። ያን ሁሉ እሁድ ጆሮዬ ባጫ ላይ ነበር... ዓይኔ ግን ጣትዎ ላይ።"