ፊልሙ ጨለም ብሏል

የቀበሌው አዳራሽ መብራት ሲበራ ትርፌ የነጠላዋን ጫፍ በጥርሷ ነክሳ ይዛ ነበር። አሁን በታየው ዘጋቢ ፊልም ላይ፣ ሸቤ አካባቢ ቡና ከሚለቅሙት አንዱ ቀና ብሎ ሳቀ። ልጇ ነበር። ካድሬዎቹ ፍለጋቸውን እንዲተዉ «ሞተ» ብላ ሙሾ ያስወረደችለት፣ አዳራሹን የሞላው ጎረቤት ሁሉ ድንኳኗ ውስጥ ተቀምጦ ያለቀሰለት ልጇ። ማንም ዞሮ አላያትም። አለማየታቸው ራሱ አስፈራት።

«አስተያየት!» አለ ካድሬው። ፊልሙ እስኪያልቅ ጀርባውን ለሸራው ሰጥቶ የተመልካቹን ፊት ሲቃኝ ነበር የቆየው። «ሁሉም ይናገራል። ዝምታም አቋም ነው።»

ለለቅሶው ድንኳኑን የተከሉላት ሀጂ ሸኩር ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሡ። «ፊልሙስ ጥሩ ነው፣ ጓድ። ግን ወላሂ ጨለም ብሏል። የሰው ፊት አይለይም።» ሀጂ በውሸት ሲምሉ ሰምቶ የሚያውቅ አልነበረም። ጎረቤቷ ሀዋ ተከተለች፤ «እውነታቸውን ነው፤ ቅጠሉ እንጂ ሰዉ የት ታየና!» ከዚያ በኋላ የተነሣ ሁሉ ስለ ጨለማው ተናገረ፤ የጨርቅ ነጋዴው፣ አናጢው፣ ዓይነ ስውሩ መሪጌታ ሳይቀሩ። ትርፌ ነጠላዋን ከጥርሷ አላቀቀች።

ካድሬው በትዕግሥት አዳመጣቸው። «ሰፊው ሕዝብ ካላየውማ ምን ዋጋ አለው?» አለና ወደ ፊልም ማሳያ ማሽኑ ሠራተኛ ዞረ። «ብርሃኑን ጨምርና ከመጀመሪያው ድገመው።»

ከዚያ ወንበር ስቦ ትርፌ አጠገብ ተቀመጠ፤ አሁን ፊቱን ወደ ሸራው አዙሮ።