የክብር እንግዳው እስኪገቡ

በደም መርጋት ጉባኤው አዳራሽ ውስጥ፣ ደም እንዴት እንደሚረጋና የረጋው እንዴት እንደሚሟሟ የሚያውቅ የአገሩ ምሁር ሁሉ ተቀምጧል። የክብር እንግዳው ስላልመጡ ጉባኤው አልተከፈተም። ካሜራው ባዶ ወንበር እንዳያይ ደግሞ አስተባባሪዎቹ በሩን ይዘው ማንንም አያስወጡም።

ሌሊቱን በአውቶቡስ ተጉዛ የመጣችው ወጣት ተመራማሪ ፊት ለፊቷ ወደተቀመጡት ፕሮፌሰር ጎንበስ አለች።

«ፕሮፍ፣ ባቴ አብጧል፤ ያመኛል። ልውጣና ልታይ።»

«አሁን? እንግዳው ሊገቡ ሲሉ?»

«ጠዋትም እኮ ሊገቡ ነው ተብሎ ነበር።»

«ስሚ የኔ ልጅ፣ ደም መርጋትን ለእኔ ልታስተምሪኝ ነው? ዕድሜ ልኬን እንጀራዬ ነው። ደግሞ መጀመሪያ የምታቀርቢው አንቺ ነሽ። ርዕስሽ ምን ነበር?»

«ብዙ ሰዓት መቀመጥ የሚያመጣው የደም መርጋት።»

«ግሩም ነው። እንግዳው ይወዱታል። በይ ተቀመጪ።»

እኛም ከኋላ ሳቅን። እሷም ተቀመጠች።

ጥቂት ቆይቶ ትንፋሽ አጠራት፤ ደረቷን ይዛ ወደ ጎን ዘመመች። ተሸክመናት ስንወጣ አስተባባሪዎቹ እንኳ አልከለከሉንም። ሆስፒታል ሳትደርስ አረፈች።

የክብር እንግዳው በስልክ ይቅርታ ጠይቀው ቀሩ። ፕሮፌሰሩ ወደ መድረኩ ወጡና መነጽራቸውን ጠረጉ። ከዚያም ለሟቿ የህሊና ጸሎት እንድናደርግ፣ ለአንድ ደቂቃ ከወንበራችን እንድንነሳ ፈቀዱልን።