ስደተኛ የሚያስመስል ሹራብ

«ይችማ ስደተኛ አትመስልም» አለ ርዕሰ መምህር አስናቀው፣ ሉዋምን ከራስ ፀጉሯ እስከ እግር ጥፍሯ እየቃኘ።

እውነቱን ነው፣ አትመስልም። ከኤርትራ ተሰዳ ድንኳን ውስጥ ብትኖርም እናቷ አጥባ የምታለብሳት ሰማያዊ የትምህርት ቤት ሹራብ ከአምስተኛ ክፍል ሁሉ የጸዳ ነው። ሹሩባዋም ሁልጊዜ የዓመት በዓል ይመስላል። ዛሬ የሚጠበቁት እርዳታ ሰጪ እንግዶች ደግሞ ከጎንደር ድረስ ቦርሳና ደብተር ጭነው የሚመጡት የተጎሳቆለ ስደተኛ ሊያዩ ነው። አስናቀው ለዚሁ ቀን ብሎ ከረባት አስሯል።

ዓይኑን ወደ ጎን ሲወረውር የትነበርሽን አገኘ። ከሉዋም ጋር አንድ ወንበር የምትቀመጥ፣ የትምህርት ቤቱ አካባቢ ገበሬ ልጅ ናት።

«አንች፣ ሹራብሽን ለሷ ስጫት። የሷን አንች ልበሽው። እንግዶቹ እስኪሄዱ ነው።»

የትነበርሽ ጆሮዋ ጋለ። ክርኑ ላይ የተቀደደው ሹራቧ ድህነት መሆኑን እስከዛሬ አላወቀችም ነበር። ሉዋም ገና በመጣችበት ሳምንት፣ ሌላው ልጅ ሁሉ ሲሸሻት፣ ሁለቱ ኳስ ሊያወጡ በግቢው የሽቦ አጥር ሥር ሲሾልኩ ነው የተቀደደው። የሉዋም እናት እጇ ላይ በነበረው ቀይ ክር ሰፋችላት። የትነበርሽ ያን ቀይ ክር ለሰው ሁሉ ስታሳይ ከርማለች፤ እንዲህ ያለ ማንም የለውማ። ለካስ አስናቀው ሲያየው የኖረው እንደ ለማኝ ልብስ ነው።

እምቢ እንዳትል ርዕሰ መምህር ነው። ሉዋምም ሹራቧን አውልቃ ሰጠቻትና የሷን ለበሰች። ቀና ብላ ግን አላየቻትም። የትነበርሽን የቆጠቆጣት ይኸ ነው። ከዛሬ ወዲያ አብራኝ ባትቀመጥስ ብላ ፈራች።

እንግዶቹ በሁለት ማኪና ሲደርሱ ልጆቹ ነፋስ ላይ ተሰልፈው ሁለት ሰዓት ሞልቷቸው ነበር። ጎንደር ፒያሳ ቁርስ ሲያማርጡ ቆይተው ነው መቼስ። አንዲት መነጽር ያደረገች ሴትዮ የሉዋምን ጉንጭ ዳበሰችና ቦርሳ አንጠለጠለችላት። አስናቀውም የልጅቱን ክርን፣ በግ እንደሚያሻሽጥ ደላላ፣ ብድግ አደረገው።

«በረሃውን ሲያቋርጡ እሾህ ቀዶባት ነው» አለ፣ ትንሽ እንኳ ሳይደናቀፍ። ሴትዮዋ ከንፈሯን መጠጠች።

ካሜራው ቀረበ። ሉዋም መሬት መሬት ታያለች።

«ምነው ጋሼ፣ እሾህ አይደለም» አለች የትነበርሽ ከሰልፉ ወጥታ። «አጥሩ ነው የቀደደው። ሹራቡ የኔ ነው።»

ከኋላ አንዱ ሳቀ። አሁን ያ የምታሳየው ቀዳዳ ድህነት መሆኑን ክፍሉ ሁሉ አወቀ።

አስናቀው ግን ዓይኑን በጨው ያጠበ ሰው ነው። «ሰማችሁ?» አለ ወደ እንግዶቹ ዞሮ። «የራሴን ሹራብ ሰጠኋት ነው የምትል። የኛ ልጆች እንዲህ ናቸው።» ራሱ አጨበጨበ። እንግዶቹም አጨበጨቡ። ደግነት እንዲህ በነጻ ሲገኝ ማን ይጠላል።

ሉዋም ቦርሳውን መሬት አስቀመጠችና ሹራቡን አወለቀች። «እንኪ» አለቻት፣ ከጠዋት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ዓይኗን እያየች። የትነበርሽም አወለቀች። እዚያው እንግዶቹ ፊት ተቀያየሩ።

«ውይ፣ እንዴት ያምራል» አለ ካሜራ የያዘው ሰውዬ። «አመለጠኝ። እስቲ አንዴ ድገሙልኝ።»

አልደገሙለትም። ሉዋም እጇን ሰዳ በየትነበርሽ ክርን ላይ ያለውን ቀይ ክር በመዳፏ ሸፈነችው። ሁለቱም ካሜራውን ትክ ብለው እያዩ ቆሙ።