የጉድጓዱ ሕግ

«እዚያው አስቀምጪው፤ አታስጠጊው» አለች ትልቋ፣ የሴፕቲክ ታንኩን ጉድጓድ ክዳን በብረት እየፈነቀለች።

ትንሿ እህቷ ከመኪናው ኋላ ያወረደችውን ተንቀሳቃሽ ሽንት ቤት በሁለት እጇ አቅፋ ቆመች። ከሻንጣ የማይበልጥ ግራጫ ፕላስቲክ ነው፤ ከላይ መቀመጫ፣ ከታች የሦስት ቀን ጉድ የተጠራቀመበት ሳጥን። የምትኖረው አምስተኛ ፎቅ ላይ ስለሆነ መድፊያው የእህቷ ጓሮ ነው ብላ መጥታለች። ይሁን አይሁን ብላ የጠየቀችው ሰው የለም።

እናታቸው በረንዳው ላይ ተቀምጣ፣ ስላየችው ሐይቅና ስለወጣችው ኮረብታ ለጓደኛዋ በስልክ ታወራለች። አዲስ ሰፊ ባርኔጣ አድርጋለች፤ ፊቷ በፀሐይ ጠቁሯል፤ በየመሀሉ ከልቧ ትስቃለች። ትልቋን ያቃጠላት ሳቁ ነው። እዚህ ቤት ከአልጋዋ እስከ መታጠቢያ ቤት «ጉልበቴን» ሳትል የማትደርስ ሴትዮ፣ ከትንሿ ጋር ሲሆን ድንኳን ውስጥ ሦስት ሌሊት አድራ ኮረብታ ትወጣለች። ስድስት ዓመት ሙሉ መድኃኒቷን በሰዓቱ የሰጠችው፣ ጀርባዋን ያሸችው፣ ልብስ ሊለካ የመጣ ደንበኛ እያስጠበቀች ሾርባዋን ያሞቀችው ግን ትልቋ ነች። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ማለት ይሄ ነው።

እሱስ ይሁን። ትናንት ግን ትንሿ ከሐይቁ ዳር ደውላ፣ እማዬ እኔ ጋ ብትከርም፣ ከወደደችውም እዚያው ብትቀር ምን ይመስልሻል ብላ ጠየቀቻት። ከኋላ ያው ሳቅ ይሰማ ነበር። ትልቋ «እሷ ካለች» ብላ ስልኩን ዘጋች፤ ከዚያ ወዲህ ያ ሳቅ ከጆሮዋ አልወጣ ብሏታል። ቅናት መሆኑን አላጣችውም። በሃምሳ ዓመቷ በእናቷ መቅናቷ ያሳፍራታል፤ ቢያሳፍራትም አልተዋትም። ስለ እማዬ አፍ አውጥታ መናገር ስላቃታት፣ የሙጥኝ ያለችው ጉድጓዱን ነው።

ጉድጓዱ ደግሞ ሕግ አለው። ከሁለት ዓመት በፊት ራሷ ትልቋ፣ መታጠቢያ ቤቱ ይንጣልኝ ብላ አንድ ጀሪካን በረኪና ደፍታበት፣ በሳምንቱ ገንፍሎ ጓሮውን አጥለቅልቆት ነበር። በቦቴ ሊመጠው የመጣው ሰውዬ ጎንበስ ብሎ አየና፣ እዚህ ውስጥ ቆሻሻውን የሚበሉ በዓይን የማይታዩ ሠራተኞች ነበሩሽ፣ በረኪናሽ ፈጃቸው አላት። ከዚያን ቀን ጀምሮ በሽንት ቤቱ በር ጀርባ በእሷ የእጅ ጽሑፍ አንድ ወረቀት ተለጠፈ፤ በረኪና አይደፋም፣ ዘይት አይደፋም፣ ኬሚካል የተባለ ሁሉ አይደፋም። እማዬ መነጽሯን አድርጋ አንብባው፣ ለሽንት ቤት ሕገ መንግሥት የወጣለት እኛ ቤት ብቻ ነው እያለች ለጎረቤቱ ሁሉ አወራች።

«እዚህ ሳጥን ውስጥ ሰማያዊ መድኃኒት ይጨመራል» አለች ትልቋ ቀና ብላ። «ሽታውን ያጠፋል፣ የእኔን ጉድጓድ ደግሞ ይገድላል። ነዳጅ ማደያው ጋ ሽንት ቤት አለ፤ እዚያ ወስደሽ ድፊው።»

«እትዬ፣ መድኃኒቱን እኮ...»

«ሳቁ አንቺ ጋ፣ ቆሻሻው እኔ ጋ። እንደዚያ ነው አይደል የተካፈልነው?»

ድምጿ ካሰበችው በላይ ወጣ። በረንዳው ላይ እማዬ፣ ቆይ መልሼ ልደውልልሽ ብላ ስልኩን ዘጋች። ትንሿ ዓይኗን ወደ እናቷ ላከችና ሳጥኑን መሬት ላይ አስቀመጠች።

ትልቋ ጓንቷን አጠለቀች። ሰማያዊውን አውጥታ በዓይናቸው ልታሳያቸው ነው፤ ያኔ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ይለያል። የታችኛውን ሳጥን ከመቀመጫው አላቃ ወደ ጉድጓዱ አፍ፣ እንዳይፈስ በጥቂቱ ብቻ አዘነበለችውና ክዳኑን ፈታች።

ሰማያዊ አይደለም። ሽታው ግን በጥፊ ያጮላት ያህል ፊቷን መታት። ትንሿ በሻርፗ አፍንጫዋን አፍና ወደ አጥሩ ሸሸች።

«ልነግርሽ እኮ ነበር» አለች ከሻርፗ ውስጥ። «ጠርሙሱን ገዝቼ ሄጄ ነበር። እማዬ ቀምታኝ ቦርሳዋ ውስጥ ደበቀችው። ሦስት ቀን ሙሉ በዚህ ሽታ ፈጀችኝ።»

እማዬ «ጉልበቴን» እያለች ከወንበሯ ተነሳች። በረንዳው ጫፍ ድረስ መጥታ ከቦርሳዋ አንድ ጠርሙስ አወጣች፤ ውስጡ ያለው ሰማያዊ ውሃ እስከ አንገቱ ሙሉ ነው፣ ማሸጊያው አልተነካም።

«ይሄ እኛ ጉድጓድ ውስጥ አይገባም» አለች። «ወረቀቱ ላይ ተጽፏል።»

ትልቋ ሳጥኑን እንዳዘነበለች ቀረች።

«እሷ እኔ ጋ ክረሚ ትለኛለች» አለች እማዬ ደግሞ፣ ባርኔጣዋን እያወለቀች። «ለጥየቃ እሄዳለሁ፣ ምን ከፋኝ። ግን አምስተኛ ፎቅ ላይ ምን ጉድጓድ አለኝ? ይልቅ ቀስ አድርገሽ ድፊው፣ ሠራተኞችሽ እንዳይደነግጡ።»

ትልቋ ተንበረከከችና ቀስ እያደረገች አንቆረቆረችው። ሽታው ጓሮውን ሞላው፤ ትንሿ አጥሩን ልትዘል ምንም አልቀራት። እሷ ግን እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ፊቷን አላዞረችም።