የጀላል መቃብር ጣቢያ

ባቡሩ አልነበረም። ሐዲዱም አልነበረም። የነበረው ደሴ ባለ አንድ የመንግሥት ቢሮ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ካርታ፣ በካርታው ላይም በቀይ እርሳስ የተሳለ ቀለበት ነው። ከደሴ ተነስቶ የቦርከናን ወንዝ ይዞ ኮምቦልቻ ይወርዳል፤ ከዚያ በሌላው ጎን ተረተሩን እየዞረ ተመልሶ ደሴ ይገባል። ስሙም ወጥቶለታል። ወጣቱ ካድሬ ጓድ ፈንታሁን በአንድ ስብሰባ ላይ «ቀይ ቀለበት» አለው፤ ተጨበጨበ፤ አለቀ።

የቀረው የጣቢያዎቹ ስም ነበር። ያ ሥራ ወርቅአፈራሁ ላይ ወደቀ።

ወርቅአፈራሁ የቢሮው ካርታ ሠራተኛ ነው። ጡረታው የቀረበ፣ ጉልበቱን የሚያመው፣ ከንጉሡ ጊዜ ጀምሮ ሳይሠሩ የቀሩ መንገዶችን ሲስል የኖረ ሰው። ባቡሩ እንደማይመጣ ያውቃል። ቢሆንም ጣቢያ ይሆናል በተባለው ቦታ ሁሉ እየወረደ፣ አገሬው ቦታውን በምን ስም እንደሚጠራው ጠይቆ መመዝገብ ነበረበት።

ክረምቱ ሲወጣ ሙሄዲን በሚነዳው ላንድሮቨር ጉዞ ጀመሩ። መኪናው ብቅ ሲል ሰዉ ማሳውን ጥሎ ይጠፋል።

«ለብሔራዊ ውትድርና ልጅ የምንለቅም እየመሰላቸው ነው፣ ጋሼ» አለ ሙሄዲን።

ከኮምቦልቻ በላይ ባለች አንዲት መንደር ግን አንዲት አሮጊት አልሸሹም። ኡሙሰልማ ይባላሉ። ደጃቸው ላይ ቆመው ጠበቁት።

«እማማ፣ ይሄ ቦታ ምን ይባላል?»

«የጀላል መቃብር» አሉ፣ አፍታም ሳያስቡ።

«ጀላል ማን ነው?»

«ልጄ ነዋ። ከግንባር ጠፍቶ ሲመጣ ንዳድ ጣለው። እዚሁ ቀበርኩት።»

ወርቅአፈራሁ እርሳሱን ዝቅ አደረገ። ከጦር ሜዳ የጠፋ ወታደር ስም በመንግሥት ካርታ ላይ! የሚያመጣው ጣጣ ወዲያው ታየው።

«ሌላ ስም የለውም?»

«የለውም። አንቱ መንግሥት አይደሉ? ይጻፉልኝ። ሚሊሻው እስከ ዛሬ ቤቴን ይበረብራል። የሞተ ሰው እንኳ እረፍት አጣ፣ ወላሂ!»

ወስደው አሳዩት። ከቤታቸው ዝቅ ብሎ ከግራር ሥር ድንጋይ የተከመረበት ጠባብ መደብ ነው፤ ቁልቁለቱን ተከትሎ ከሰሜን ወደ ደቡብ ተዘርግቷል። ሙሄዲን ወደ ቂብላው፣ ወደ ሰሜን ዞሮ ለዱዓ እጁን አነሳ። መቃብሩን ከላይ እስከ ታች አየውና እጁን መልሶ አወረደ፤ ወደ መኪናው ሄደ። ወርቅአፈራሁ አልፈረደበትም። በዚያ ዘመን ለከዳ ወታደር ዱዓ ሲያደርጉ መታየት ያስፈራል።

ሲመለሱ አጥሩ ላይ የተሰጣ የወንድ ሸሚዝ አየ። ገና ውኃው ይንጠባጠባል። ቶሎ ብሎ ፊቱን አዞረ። የእሱም ልጅ በዚያ በቀውጢው ጊዜ ከቤት ተወስዶ የት እንደተጣለ አልታወቀም። ሚስቱ አረጋሽ እስከ ዛሬ የልጇን ሸሚዝ አውጥታ ታጥባለች፤ አስጥታ ትሰበስባለች፤ አጥፋ ታስቀምጣለች። ስለዚያ ሸሚዝ በቤቱ ተወርቶ አያውቅም።

እኚህስ ቢያንስ መቃብር አላቸው፣ ብሎ አሰበ።

ጻፈው። የጀላል መቃብር።

ጓድ ፈንታሁን ስሞቹን አንድ በአንድ አነበበ። እዚያ ሲደርስ ቆመ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«አገሬው የሚጠራው እንዲያ ነው፣ ጓድ።»

«ከዚያ ቀበሌ ጀላል የሚባል የከዳ ወታደር ይፈለጋል። እሱ ነው?»

ወርቅአፈራሁ አላውቅም ቢል ይበቃው ነበር። ግን አጥሩ ላይ ያለው ሸሚዝ መጣበት፤ የትኛው አጥር እንደሆነ እሱም አልለየውም።

«እሱ ነው። ሞቷል።»

«በዓይንዎ አይተዋል?»

«መቃብሩ ግርጌ ቆሜ ነው የጻፍኩት።»

ፈንታሁን እርሳሱን አነሳና ስሙን ሰረዘው። በምትኩ «ድል በር» ብሎ ጻፈ።

«አብዮቱ ለከዳተኛ ጣቢያ አይሰጥም። ለእርስዎም የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ነው፣ ጓድ ወርቅአፈራሁ።» ከዚያ ስልኩን አንስቶ ጮኸ፤ «እዚያ ያሰማራችኋቸውን ሰዎች ሰብስቡ! እስከ መቼ ነው ሬሳ የምትፈልጉት?»

ወርቅአፈራሁ ደረጃውን ግድግዳ ይዞ ወረደ። ዕድሜውን ሙሉ ያልተሠራ መንገድ ሲስል ኖሮ፣ ለአንዲት እናት አንድ ስም እንኳ ማቆየት አቃተው። ለአረጋሽም አልነገራት።

ዝም ብሎ መቅረት ይችል ነበር። ሕሊናው እምቢ አለው። ወደ ኮምቦልቻ የሚወርዱበት ሌላ ጉዳይ ሲገኝ ሙሄዲንን መኪናውን እንዲያዞር ለመነው። ከመንገዱ እስከ መንደሩ ያለውን ዳገት በዚያ ጉልበቱ፣ እያረፈ ወጣው።

ኡሙሰልማ ደጃቸው ላይ ነበሩ።

«እማማ፣ አልሆነልኝም» አላቸው ባርኔጣውን አውልቆ። «ስሙን ሰረዙት። ሌላ ስም ሰጡት። ይቅር ይበሉኝ።»

አሮጊቷ አላለቀሱም።

«መሞቱንስ አመኑ?»

«እሱንማ አመኑ። እኔው መሰከርኩ። ፍለጋው ይቁም ተብሏል።»

«ለዚያ ነዋ ሚሊሻው እግሩን የሰበሰበው!» አሉና የበሩ ደፍ ላይ ቁጭ አሉ። «አልሐምዱሊላህ።»

ፊቱን ለረጅም ጊዜ አዩት። የመጣበትን መንገድ ቁልቁል አዩት፤ ማንም አልነበረም።

«ጀላል!» ሲሉ ወደ ጓዳው ተጣሩ፤ «ና ውጣ፣ ለእንግዳው መቀመጫ አምጣ!»